አርባ አንድን አርባ ሁለት ያደረገች እጅ

እንደ እናትም እንደ እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ መውጣቱን አልተውሽም? ጋሼስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኛ ደህና ነን። እኔማ ከትናንት ወዲህ የምይዘውን የምጨብጠውን አጥቻለሁ። የምሥራች አለኝ፤ ግን መንገዱን ሳልነግርሽ አልሰጥሽም፣ ብቻዬን ተጨንቄ አልቀርም!

ታናሻችን ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ጥንት ፋርስና ከእሷ በኋላ ስለገዙት ግሪኮች የሚጽፈውን የምተይብለት እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ለፕሮፌሰርነት መጽሐፉን አስገብቶ ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ተማሪዎቹ «ምላጭ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ «በባቢሎኖቹ የሸክላ ጽሑፍ ላይ የግሪኮቹ አገዛዝ ዓመት አርባ አንድ ነው፤ እሱ አርባ ሁለት ብሎታል። ሸክላ ማንበብ የማይችል ሰው በምን አፉ ፕሮፌሰር ይባላል?» ብለው ጻፉበት። ሐሙስ ዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ፊት ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ተጠራ። እህል አልቀምስ አለ። «በእጄ ይዤ ያነበብኩትን!» እያለ ክፍሉን ሲዞር ይውላል።

ማክሰኞ ዕለት የረቂቁን ካርቶን ገለበጥኩ። እትዬ፣ ክው ብዬ ቀረሁ! በእጁ የጻፈው አርባ አንድ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ከፍ ብሎ ያው ወር በግሪኮቹ የድንጋይ ጽሑፍ ዓመቱ አርባ ሁለት ስለተባለ፣ «ውይ፣ ደክሞት ነው» ብዬ ያረምኩለት እኔው ነኝ። ለካ፣ በኋላ እሱ እንዳስረዳኝ፣ ግሪኮቹ ዓመቱን መቁጠር የጀመሩት ከባቢሎኖቹ ስድስት ወር ቀድመው ኖሯል፤ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው! እያለቀስኩ ነገርኩት። እሱ ግን «አንብቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በእህቱ አሳበበ አልባልም» አለኝ። ብለምነው፣ ብለምነው፣ እምቢ!

ሐሙስ ረቂቁን በቦርሳዬ ይዤ ኋላ ተቀመጥኩ። ምላጭ ጠየቁት። «ስህተቱ የእኔ ነው» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሰብሳቢዋ ውሳኔውን ልትጽፍ ብዕሯን ስታነሳ አላስቻለኝም፤ ብድግ አልኩ። «ያረምኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ታይፒስት ነኝ፤ አንድ ወር ሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚገባ ማን ነገረኝ?» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ምላጭ ግን አልሳቁም። ረቂቁን ተቀብለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። «ሸክላውን አንብቦታል» አሉና ትችታቸውን በገዛ እጃቸው ሰረዙ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ቁጥር አርሜ መምህሬ ሊገድሉኝ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ሁለታችንንም አስወጡን። አንድ ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። በሩ ተከፈተና ሰብሳቢዋ «ፕሮፌሰር፣ ይግቡ» አለች። እሱ እቴ፣ ማንን ነው ብሎ ወደ ኋላው ዞረ! በክርኔ ጎሰም አድርጌ ነው ያስገባሁት።

ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽን፣ መንትዮቹንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ፕሮፌሰሩም ሰላም ብሎሻል፤ እስካሁን ተኝቷል።

ታናሽ እህትሽ
ከመተየቢያዬ ጠረጴዛ፣ ዓርብ ረፋድ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሦስተኛው ቀን