ከቁርስ በኋላ ሦስት፣ ከምሳ በኋላ ሦስት

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ፣ ያ ሲያንኮራፋ ግድግዳ የሚያነቃንቀው የክፍል ጓደኛህስ? እማዬ በተለይ ጠይቂልኝ ያለችኝ ሦስት ነገር አለ፤ ጉሮሮህ ተሻለው ወይ፣ ጠዋት ሳትበላ አትወጣም ወይ፣ ካልሲህ ደረቅ ነው ወይ። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ስለ ካልሲ አይጠየቅም ብላት፣ "ሃያ ሦስት ሞላው ማለት እግሩ አይበርደውም ማለት ነው?" አለችኝ። ምላሷ ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ ልጅ መልስ አጣሁ። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲያወራ ዋለ።

እኛ ደህና ነን። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመጻፌ በፊት ብዙ አሰብኩባት። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልወደቀም፣ ጣሪያው አያፈስም። ስለዚህ ደህና ነን።

በወረቀት ስጽፍልህ እንዳትደነግጥ። አንተ በደወልክ ቁጥር እማዬ ድምፅ ማጉያውን ትከፍተውና ቤቱ ስብሰባ ይሆናል። እኔ የምነግርህ ነገር ደግሞ ስብሰባ ላይ የሚነገር አይደለም።

ከድረ ገጹ ልጀምር። ውጭ አገር ከመሄድህ በፊት አባዬ እየተናገረ አንተ እየጻፍክ ያዘጋጃችሁት፣ ማጠቢያ ማሽን ውሃ አልደፋ ሲል፣ ፍሪጅ ሲያልበው፣ ምድጃ አልሞቅ ሲል ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳው ገጽ። ሰው ችግሩን የፍለጋ ሞተሩ ላይ ይጽፋል፣ ወደ እኛ ገጽ ይመጣል፣ ያነብባል፣ ራሱ ልጠግን ብሎ የባሰ ያበላሸዋል፣ ከዚያ ለአባዬ ይደውላል። ከጎን የሚታዩት ማስታወቂያዎች ደግሞ የጥገና ሱቁን ኪራይ ይሸፍኑ ነበር። ይህን ሁሉ ታውቃለህ፤ የሠራኸው አንተ ነህ። እንዴት እንደቆመ ግን ሙሉውን አታውቅም።

የመጀመሪያው ለውጥ የእኛ ጥፋት አልነበረም። የፍለጋ ሞተሩ የሰው ገጽ ከማሳየት ይልቅ ራሱ ከላይ መልስ መስጠት ጀመረ። አንድ ቀን አባዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ መነጽሩን ሩብ ሰዓት ሲፈልግ ከቆየ በኋላ፣ "ማሽኔ ውሃ አልደፋ አለ" ብሎ ጻፈ። መልሱን አነበብኩለት። ቃሉ የራሱ ነበር። "መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል፤ ቁጣህን ለኋላ አቆየው፤ ቧንቧውን እንደ ሕፃን አንገት ደግፈህ አውጣው" ብሎ ያስጻፈህ ትዝ ይልሃል? ቁጣውን ትተው የሕፃኑን አንገት ወስደውታል። የእሱ ስም የለም፣ የሱቁ ስም የለም። ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ተነስቶ ፊት ለፊት ያለውን ፀጉር አስተካካይ ጠራው። "ና እይ፣ አስተምሬዋለሁ!" አለው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ መጥቶ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ፀጉሩ ግማሽ የተቆረጠ ደንበኛውም ነገሩ ሳይገባው ተከትሎ መጥቶ ጨበጠው።

ከዚያ ስልኩ መጥራት ተወ። ሰው መልሱን ከላይ አንብቦ ይሄዳል እንጂ ወደ እኛ አይገባም። የጎብኚዎቹን ቁጥር የሚያሳየውን መስመር ባሳየው፣ አባዬ "ገልብጠሽው ነው" ብሎ ስልኩን አዞረው። ገልብጦ ትንሽ ሲያየው ቆየና "እንዲህ ይሻላል" ብሎ መለሰልኝ። ደግሞም ሞተር ከሆነ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም፣ ያን ቀን ወደ እኔ ይመጣል ብሎ ተጽናና።

አክስታችን ሲስተር የገባችው እዚህ ላይ ነው። ከነርስነቷ ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመት ቢሆናትም፣ አሁንም ሰው ቤት ስትገባ የሁሉንም የዓይን ሽፋን ገልጣ ልታይ ይቃጣታል። ገጹ ታሟል ስንላት "ምን ሲወስድ ይሻለዋል?" ብላ ጠየቀች። እማዬ፣ ሰው ማስታወቂያዎቹን ሲነካቸው ነው የሚከፈለው አለቻት። በቃ። ሲስተር ወረቀት አሰመረች፤ በስተግራ ስማችንን፣ ከላይ ቀኑን፣ ልክ ሆስፒታል የተኛ ሰው መድኃኒት መውሰዱ እንደሚመዘገብበት ሠንጠረዥ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ከቁርስ በኋላ ሦስት፣ ከምሳ በኋላ ሦስት፣ ሳይዘለል። የነካ ምልክት ያደርጋል፤ ያልነካ ምክንያቱን ለእሷ በቃል ያስረዳል። ወረቀቱ ሱቁ ውስጥ ያለው አሮጌ ፍሪጅ ላይ ተለጠፈ። ተቆጣጣሪዋ እኔ ሆንኩ።

ብታየን! አባዬ ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ ነበር። እማዬ ማስታወቂያውን ከፍታ ወዲያው መውጣት ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ እንደመውጣት ስለሚሆንባት እስከ መጨረሻው ታነባለች፤ አሁን ስለ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የማታውቀው የለም። ለሲስተር የሙሽራ ቀሚስ ብቻ ነው የሚመጣላት፤ "እኔን ምን አስበውኝ ነው?" እያለች ሦስቱንም ትነካለች። ፀጉር አስተካካዩም በጎረቤትነት ስሙ ከታች ገባ። አንድ ቀን የቀኑን ስድስቱንም በአንዴ ነክቶ ስለተገኘ ሲስተር "ከመጠን በላይ ወስደሃል!" ብላ ጮኸችበት፤ ሰውየው ደንግጦ ውሃ ጠጣ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሳቅን። አንተ ከሄድክ ወዲህ እነዚህ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ አላየሁም ነበር።

እኔ አውቅ ነበር።

የገጹ ባለቤትም ሆነ ቤተሰቡ የራሱን ማስታወቂያ መንካት ክልክል ነው፣ ከተነካ የማስታወቂያው ገንዘብ የሚገባበት አካውንት ይዘጋል ያልከኝ አንተ ነህ። ሁለት ጊዜ ነው ያልከኝ፤ ሁለተኛውን ጆሮዬን ይዘህ። ሲስተር ወረቀቱን ስታሰምር ነገሩ አፌ ላይ ነበር። ልናገር ስል እማዬ ሳቀች። ከዚያ አባዬ ሳቀ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በነጋታው ደግሞ ፎርክሊፍቱ መጣ።

አካውንቱ ሲዘጋ መልእክቱ በሱቁ የኢሜይል አድራሻም ስለመጣ አባዬ ራሱ አነበበው። አካውንቱ በአንተ ስም ስለሆነ ከላይ ያንተ ሙሉ ስም አለ፤ ከሥሩ "ሐሰተኛ ጠቅታ" የሚል አለ። አባዬ ሁለቱን አገናኛቸው። ማሽን ውስጥ ያገኘውን የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ የባለቤቱን ስም የሚለጥፍበት ሰው ነው። እዚያ ሆነህ እኛን ለመጥቀም ስትል ያጭበረበርክ መሰለው። የሲስተር ሠንጠረዥ እዚያው ከራሱ በላይ ተለጥፎ ነበር፤ ግን እሱን ከዚህ ጋር አላያያዘውም፤ ያኛው ለእሱ ሰውን መርዳት ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። "ልጄን መጠገን ነው ያስተማርኩት" አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ስልክህን የማያነሳው። ሥራ ላይ ነው የምንልህ ውሸት ነው፤ ይህን ያህል ሥራ የለም። አንተ ደግሞ ይግባኝ ብለህ ጽፈህ ሰው ሳይሆን ማሽን እንደመለሰልህ፣ ምናልባት ሳላስተካክለው የቀረሁት ነገር ይኖራል እያልክ እማዬን ይቅርታ ስትጠይቅ በድምፅ ማጉያው ሰምቼሃለሁ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ማጠቤን አላቆምኩም። እሱ አንተን ይጠረጥራል፣ አንተ ራስህን ትጠረጥራለህ፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

ማልቀስ እንዳለብኝ ይገባኛል። ሞክሬም ነበር፤ መስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን አጨማደድኩት፣ ምንም አልመጣም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት መርፌ ሲወጉህ፣ ከንፈርህን ብትነክሰው የሌላ ሰው ከንፈር እንደሚመስልህ ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ትምህርት ቤት ቀልድ አወራለሁ፣ ሰው ይስቃል። ከመጪው ወር ጀምሮ የሱቁን የፊት ግማሽ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሰው ይይዘዋል። ይህንንም ሲነግሩኝ "እሺ" ብዬ ዳቦዬን ጨረስኩ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ወረቀቱን ይዤ ወደ አባዬ ሄድኩ። ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነው። ለወንድሜ የጻፍኩትን ላንብብልህ አልኩት። "አንብቢ፣ እጄ ነው እንጂ ጆሮዬ አልተያዘም" አለኝ ከውስጥ። ለጀርባው አነበብኩለት። ስለ መነጽሩ ያለው ላይ ስደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ አውቅ ነበር የሚለው ላይ ስደርስ የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ጨርሼም አልወጣም። ከዚያ ድምፁ በርሜል ውስጥ እንዳለ ሰው እያስተጋባ፣ "እሱ ያለበት አሁን ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። ሥራ ላይ ነህ፣ ልትወጣ ሁለት ሰዓት ይቀርሃል አልኩት።

ወጣ። እጁን ታጠበ። ሠንጠረዡን ከፍሪጁ ላይ ላጠውና አጥፎ ኪሱ ከተተው። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ። በርጩማ ስቦ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ተቀምጧል። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ከፊቴ ነው። ምን ብለህ ልትጀምር ነው ብዬ ስጠይቀው "ጤና ይስጥልኝ ብዬ" አለኝ። ለገዛ ልጁ! ልስቅበት ፈልጌ ነበር፤ እጁን ሳየው ተውኩት። ስልኩን ቶሎ የሚሰበር ነገር ይመስል በሁለት እጁ ነው የያዘው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ነገሩን ሰምተህ ጨርሰሃል። ቢሆንም እልከዋለሁ። አባዬን አውቀዋለሁ፤ ሁላችንም ነን ያጠፋነው ይልህና የእኔን ድርሻ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ያሳንስልኛል። እንዳታምነው። ሌሎቹ አያውቁም ነበር። አካውንቱን ላስከፍትልህ አልችልም፣ አሥራ ሁለቱን ቀንም መመለስ አልችልም፤ በእጅ ጽሑፌ አምኜ መፈረም ግን እችላለሁ። ይግባኝ ላልክበት ድርጅትም ይጠቅማል ካልክ ላክላቸው፤ ማሽናቸው ያንብበው።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ፎቶ ላክላት፣ ግን ብርሃን ያለበት ቦታ ተነሳ፣ አለዚያ ከሳ ብላ ትጨርሰናለች። ሲስተር ሰላም በይው ብላለች፤ ለእሷና ለእማዬ ነገ እኔው ራሴ እንድነግራቸው አባዬ አዞኛል፣ ስለዚህ ይህ ሰላምታዋ ሳታውቅ የላከችው መሆኑን ያዝልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ሰላም ብሎሃል፤ እዚያ ፀጉርህን ማን እንደሚነካው ባሰበ ቁጥር ሆዱ እንደሚባባ ንገሪው ብሎኛል። ለክፍል ጓደኛህም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አባዬ ግን ሰላም በይው አላለኝም፤ የራሱን ሰላምታ ራሱ ያደርሳል።

እህትህ፣ ምላሷ
ከሱቁ የኋላ ክፍል
ሐሙስ ከሰዓት፣ መጋቢት 11 ቀን