ጧሪ አለኝ

ይድረስ ለልጄ ለስመኝ። እመብርሃን በሄድሽበት ትቅደምሽ፤ ከሰው ፊት አታቁምሽ። እኔ ሰባ ስምንት ሞልቶኛል፤ ዛሬም እርፍ እይዛለሁ፣ ጅጋ ገበያም በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ወጡንም ራሴ እሠራለሁ፤ ጨው ይበዛበታል እንጂ ይበላል።

ኑሮው ግን ጨክኗል፤ ዘይት እጅ የሚያስነካ አልሆነም። መንግሥት በድጎማ ዘይት ላከ ሲባል ቀበሌ ሄጄ ተሰለፍሁ። ከኋላዬ ያሉት «ይህን የወሰደ አፉ ተለጎመ» ይላሉ፤ ከፊቴ ያሉት «ያልወሰደ ጠላት ነው» ይላሉ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው፣ ያ ጎረቤታችን ወንዳወቅ፣ መዝገቡን ዘረጋልኝ።

«አያ ዘሩ፣ ለሽማግሌ የሚሰጠው ጧሪ ለሌለው ነው። ጧሪ የለኝም ብለው እዚህ ይፈርሙ።»

«ልጅ አለችኝ» አልሁት።

«ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ወጥ ውስጥ አትገባም! ይፈርሙና ይውሰዱ።»

እስክሪብቶውን መለስሁለት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ወገን ጀግና ይለኛል፣ ሌላው ተቃዋሚ። ሁለቱም አላወቁኝም። በሕይወት ያለች ልጄን በፊርማዬ አልቀብርም ብዬ ነው።

ስለ ዘይቱ አትጨነቂ፤ ኑግ ዘርቻለሁ፣ ሲደርስ ቡሬ ወስጄ አስጨምቃለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የወለድሽው ይባረክ።

ብድሬን ሁሉ ራሴ እመልሳለሁ፦ ማሳዬን ሲያርምልኝ ለዋለው ለወዳጄ ለቢሰጥ ሁለት ቀን አጨዳ፣ ለጊዮርጊስ የተሳልሁትን ጧፍ፣ ለእናትሽ የመቃብር ድንጋይ። ለወንዳወቅ ደግሞ መልስ አለብኝ። ለዚህች ብቻ እርጅኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ እርሱ ስልክ ደውይና «አባቴን አገናኘኝ» በይው።