የልጄ ቀሚስ ጫፍ

ለናፈቅሽኝ ታላቅ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይንሽን ያሳየኝ። እኛ ደህና ነን።

የስፌት መኪናሽ ከጎኔ እንደተሸፈነ አለ፤ ማንንም አላስነካም። ሆዴን ሐኪም አየው። የሌላ ሰው ኮት ለጥገና ያመጣሁ ይመስል፣ መልሱን ለባሌ ነገረው። «ማህፀኗ መውጣት አለበት፤ ከዘገየ ለሕይወቷ ያሰጋል። ይስማማሉ?» አለው። እኔማ ሐኪሙ ሳይጨርስ ተስማምቼ ነበር። ባሌ ግን «እናቴን ላማክር» አለ። አማቴም «ወንድ ልጅ ሳትወልድ?» ብላ እንቢ አለች። ይኸው ሳሎን ቁጭ ብለው ስለ እኔ ሲመክሩ፣ ሻይ የማቀርብላቸው እኔው ነኝ።

ለልጄ አዲስ ቀሚስ ሰፋሁላት። ጫፉን ከወትሮው ሰፋ አድርጌ አጥፌዋለሁ፤ ቁመቷ ሲጨምር አንቺ ትፈቺላታለሽ።

ደህና ሁኚልኝ፤ ለእሷም ስትዪ።

ታናሽሽ