ያልቀለጠው ጠገራ

ኅዳር 12 ቀን፣ ንፋስ መውጫ

የእናቴ ጠገራ አልቀለጠም።

ለእህቴ ልጅ የሰርግ መስቀል ይሠራበት ብዬ ትናንት ከተሰበረ የብር ጉትቻ ጋር ለአንጥረኛው የሰጠሁት እናቴን ሳልጠይቅ ነው። በጋዜጣ ስጽፈው የኖርኩት «ጠገራ» ዛሬ ምንም የማይገዛ የድሮ ገንዘብ ነበር። ለእናቴ ግን የአባቴ ጥሎሽ ነው። ዛሬ ጠዋት ሣጥኗን ከፍታ «ጠገራዬስ?» ስትለኝ እየሮጥኩ ሄድኩ።

አንጥረኛው ጋሽ ሰይድ ሳቁብኝ። «ማንጠልጠያ ያለው ጠገራ ከአንገት የወረደ ነው። ከባለቤቷ አፍ ሳልሰማ እሳት አላሳየውም። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ምነው ሳትጠይቅ?»

እናቴ ተቀብላኝ አንገቷ ላይ አሰረችው። አልተቆጣችም። ይቅለጥ ወይስ እንዳለ ለሙሽሪት ይሰጥ የሚለውን፣ እሑድ እህቴ ስትመጣ እናቴ ራሷ ትነግረናለች።