የቁጥር አርባ አንድ ደም

ውድ አለቃዬ፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልዎት። በልቤ የምጠራዎት የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ከኋላዎ በሚጠራዎት ስም ነው፤ ጋሽ ቶሎ። ቶሎ በሉ፣ ቶሎ ጨርሱ፣ ሰርቪሱ ሊሄድ ነው! ስምንት ዓመት ስንስቅበት ኖርን። አሁን ስሰማው ደሜ ይፈላል።

ያን ዓርብ ያስታውሱታል? የት ያስታውሱታል! የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሠራተኞች ዓመታዊ ምርመራ ነበር። ሦስት መቶ ብልቃጥ፣ ስም የሌለው፣ በየዓመቱ የማይለወጠው የሠራተኛው ቁጥር ብቻ የተለጠፈበት። አርባ አንድ ላይ ማሽኑ ጮኸ። ነጭ የደም ሴል ሃምሳ ሁለት ሺህ፤ ጤነኛ ሰው ከአሥራ አንድ ሺህ ብዙም አያልፍም። ቀዩ አንሷል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶችም ከግማሽ በታች ወርደዋል። ደግሜ አስገባሁት፤ ያው ነው።

«ማሽኑ ቀብጦ ነው» አሉኝ ኮትዎን እየለበሱ።

«ሁለቴ አየሁት እኮ ጋሼ።»

«እንግዲያው ደሙ ረግቷል።»

«የረጋ ደም ቁጥር ይቀንሳል እንጂ…»

«አንቺ ልጅ፣ ልታስተምሪኝ ነው? የአምናውን ውጤት ገልብጪና ጨርሺ!»

የረጋ ደም ነጩን እንደማያበዛ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሁሉ ክፉ በሽታ እንደሌለበትም ነግረውኛል፤ የሳምባ ምችም ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ጠብታው መስታወት ላይ ስስ ተደርጎ ተቀብቶ፣ ቀለም ውስጥ ተነክሮ፣ መቶ ነጭ ሴል አንድ በአንድ በዓይን የሚቆጠረው። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለሰው ነፍስ ግማሽ ሰዓት ነፈጉ።

እኔም የአምናውን ገለበጥኩ። መስታወቱን ግን ቀብቼ፣ ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ ሰኞ አየዋለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰኞ ሌላ ሁለት መቶ ብልቃጥ መጣ፤ ረሳሁት።

ከአራት ወር በኋላ ታናሽ እህቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ደረጃውን ስትወጣ ሦስት ጊዜ አረፈች። ክንዷ ላይ ማንም ሳይነካት የበለዘ ነገር አየሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ድካም ነው ባክሽ። ተመርምሬ ጤነኛ ነሽ ብለውኛል እኮ።»

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። አርባ አንድ ይላል። የእሷ ፋብሪካ ደም መሆኑን አውቅ ነበር፤ ከሦስት መቶ ሰው እሷ ላይ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም። ሌላ ሰው ቢሆንስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ አፍራለሁ።

በማግስቱ እሷን ሆስፒታል አስገብቼ መስታወቱን ከመሳቢያው አውጥቼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ከመቶው ሰባ አራቱ ያልበሰሉ፣ ድቡልቡል ትልልቅ ሴሎች ነበሩ፤ የደም ካንሰር። ሐኪሟ «አራት ወር ቀደም ብትል ኖሮ» ብሎ ካርዷን ዘጋው። የተደረገውን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም።

እኔ ይቅር ባይ ሰው አይደለሁም። ከሥራ ቢባረሩ አንጀቴ አይርስም። በሽማግሌም አይምጡብኝ፤ በሬን አልከፍትም። ሐሙስ የሙያ ቁጥጥር ቦርዱ ይጠራዎታል። ማመልከቻዬ ላይ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፕ ይቀመጥ፣ ያ መስታወት ይግባበትና ጋሽ ቶሎ መቶውን ሴል ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ፈቅደውልኛል። እህቴም ሐኪሟ ከለቀቃት ፊት ለፊትዎ ትቀመጣለች። እያንዳንዱን ሴል በየዓይነቱ ስም እየጠሩ ይቆጥራሉ፤ ከዘለሉ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

ሲጨርሱ ወንበሩን ይልቀቁልኝ። ከእርስዎ ቀጥሎ የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ ያ ወረቀት ላይ ከስምዎ በታች ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ተማሪዎ የነበርኩት