በአንድ ጨርቅ ላይ ሦስት መስቀል

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

ገበያው ደህና ነበር። የላንክሻየሩ አይብ ከቀትር በፊት አለቀ። የሚስቴ ወንድም ክሊፎርድ ድንኳኔ አጠገብ ቆሞ እንደ ልማዱ ወረቀት ሲያድል ዋለ። ስኮትላንድ የራሷ ምክር ቤት አላት፣ ዌልስ አላት፣ ሰሜን አየርላንድ አላት... እንግሊዝስ? ያላት ከእነሱ ጋር የምትጋራው የብሪታንያ ምክር ቤት ብቻ። ትንሿ ፓርቲው ሃያ ዓመት የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ሰው ወረቀቱን ይቀበልና አይብ ይጠቀልልበታል።

ባለፈው የአካባቢ ምርጫ ተወዳድሮ ያገኘው ሠላሳ ስምንት ድምፅ። ዘንድሮ መቶ ካልሞላ ፓርቲው ከዚህ ከተማ ዳግመኛ እጩ አያቀርብም ተብሏል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሌላ ምን ሥራ አለው?

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ

ሚስቴ ሙሪየል ለወንድሜ አንድ ነገር አድርግለት አለችኝ። ለእንግሊዝ በዓል፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ ድንኳኑን የማስጌጥበት ስልሳ ሜትር ገመድ ላይ የተደረደረ ባንዲራ ከጅምላ ሻጩ መርጬ አዘዝኩ።

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ

ሳጥኑ መጣ። ክሊፎርድ ከፈተው። ነጭ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት የእንግሊዝ ባንዲራ አይደለም። የብሪታንያ ነው፤ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የአየርላንድ መስቀሎች የተደራረቡበት፣ ሰማያዊውም ሰያፉ መስቀልም ያለበት። የመረጥኩት እኔው። ደመቅ ያለ መስሎኝ... ልዩነቱ መቼ ትዝ አለኝ?

"ሃያ ዓመት እንግሊዝና ብሪታንያ አንድ አይደሉም ስል፣ የገዛ እህቴ ባል እንኳ አልሰማኝም" አለ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መልሶ ለመላክ ጊዜ የለም።

ኤፕሪል 23፣ ረቡዕ

የማይሆን ዕቃ መጣ ተብሎ አይጣልም። ባንዲራዎቹን ሰቀልኩ፤ ሰሌዳ ላይም ጻፍኩ፦ የእንግሊዝን መስቀል ለይቶ ላሳየ አንድ ቁራሽ አይብ በነጻ።

ሰልፉ ዓሣ ሻጩ ጋ ደረሰ። ሥጋ ሻጩ የስኮትላንዱን ጠቆመ። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ የአየርላንዱን ይዞ ድርቅ ሲል፣ ሚስቱ አርባ ዓመት ያስተማርከው ምኑን ነው አለችው።

ክሊፎርድ መጀመሪያ ፊቱን አዙሮ ነበር። ኋላ መጣና አንዷን ባንዲራ ያዘ። "እዚህ ጨርቅ ላይ ሦስት መስቀል አለ። የሁለቱ ባለቤቶች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። የሌለው የቱ ነው?"

ሰው ሁሉ ጨርቁን ማየት ጀመረ። ዌልሳዊቷ ዳቦ ሻጭ ግዌኔት ጣልቃ ገባች። "እኛማ ጨርቁ ላይም የለን፤ ምክር ቤት ግን አለን። እናንተ እንዴት ብትተኙ ነው?"

ገበያው በሳቅ አለቀ። ወረቀቱም አለቀ።

ሜይ 1፣ ሐሙስ

ድምፅ ሰጠሁ። ለማን እንደሆነ እዚህም አልጽፍም።

ሜይ 2፣ ዓርብ

ቆጠራው በስፖርት አዳራሹ። ክሊፎርድ ከስድስት አራተኛ ወጣ። መቶ አርባ ሰባት! ሙሪየልን አቅፎ አሽከረከራት፤ በዚያ ያረጀ ጉልበቱ... አሸናፊዋ እጩ፣ ተሸንፎ እንዲህ የሚፈነጥዝ አላየሁም አለችው።

"ሽንፈትማ ለምደነዋል" አላት። "ያልለመድነው መቶውን ነው።"

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

አንድ እንግዳ ደንበኛ አይብ እያስመዘነ፣ ያለን ምክር ቤት መቼ አነሰንና ሌላ እንጨምራለን አለኝ። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ቢላዋዬን አስቀምጬ እንደ ክሊፎርድ አስረዳው ጀመር። ስጨርስ ሰልፉ ተበትኗል፤ ስምንት ደንበኛ ማዶ ካለው ድንኳን ይገዛል። በሠላሳ ዓመት ንግድ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ሰውየው አላመነም። ረቡዕ ተመልሶ ሊከራከረኝ ነው። ይምጣ።