«ደረቅ እንጨት» ስለተባሉት ስልሳ ሁለት የወይን ተክሎች

ለተከበሩ የከተማችን የይዞታ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የኮሚቴዎን አባላት ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ሙቀት እንዳይጠናብዎ፣ የቢሮዎ ቬንትሌተርም መብራት ሳይጠፋበት እንዲዞርልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደኅና ነን። ስለ ወይኖቻችን ጤንነት አይጨነቁ፤ በቃለ ጉባኤዎ መሠረት ከመነቀላቸው በፊት ሞተው ነበር።

ሮዳስ ደሞዝ እባላለሁ፤ የቆላ ወይን ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱን ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ መጻፍ እርስዎን ከስብሰባ ከማስነሳት የቀለለ መስሎ ታየኝ።

ማኅበራችን አሥራ አራት ሰው ነው። ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ስልሳ ሁለት ወይን አሳድገናል። እሑድ ከሰዓት እየተሰበሰብን እንኮተኩታለን፣ እናጠጣለን፣ እንከራከራለን። የመጀመሪያው ዓመት ወይን ጠጃችን በሙቀቱ ሆምጣጤ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ከሱዳን በመጣ ዚር፣ ማለትም ውኃ በሚቀዘቅዝበት ትልቅ የሸክላ ጋን ውስጥ ጨምረን፣ እስከ አንገቱ ቀብረን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንነው፤ ያ ዳነ። ትልቅ ሥራ ነው አልልም። የእኛ ሥራ ነበር።

አቤቱታዬን በቁጥር የማቀርበው ለመዝገብ ቤትዎ እንዲመች ነው።

1ኛ. ቆላችን ብርድ ስለማያውቅ ወይን በራሱ ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ አያርፍም። ስለዚህ ክረምቱ እንደወጣ በመቀስ እንገርዘዋለን፣ የቀረውን ቅጠል በእጃችን እናራግፍለታለን፣ በግድ እናስተኛዋለን። ሁለት ሦስት ሳምንት ማገዶ ይመስላል። ከዚያ ያቆጠቁጥና የካቲት ላይ ያፈራል። ስድስት ዓመት ሙሉ ወይኑ አረንጓዴ ሳለ ያልጎበኘው ኮሚቴዎ በጥቅምት፣ በተገረዘ በዘጠነኛው ቀን መጣ፤ «ደረቅ እንጨት የተተከለበት፣ ጦሙን የሚያድር መሬት» ብሎም ጻፈ። ስለ ውሳኔው ፍጥነት አመሰግናለሁ። የወይን ግንድ መሞቱን ለማወቅ ቅርፊቱን በጥፍር ላጥ ማድረግ ይበቃል፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ኮሚቴው አምስት ሰው፣ ሃምሳ ጥፍር ነበረው።

2ኛ. ቢሮዎ በተቀበሉኝ በዚያች አንድ ቀን፣ እነዚሁ ተክሎች ባለፈው የካቲት ዘለላቸው ተንጠልጥሎ የተነሱትን ፎቶ አሳይቼዎት ነበር። በጥሞና ካዩ በኋላ «ይኼ እኮ ሱዳን የተነሳ ሊሆን ይችላል» አሉኝ። በፎቶው ላይ ከዘለላው ጀርባ የቆመው የራስዎ ቢሮ የውኃ ታንከር መሆኑን ያኔ ያልነገርኩዎ ከአክብሮት ነው። ምናልባት ታንከሩም ሱዳን ደርሶ መጥቶ ይሆናል።

3ኛ. ቃለ ጉባኤው «የወይን ጠጅ ሥራው የሙስሊም ነዋሪዎችን ስሜት ይነካል» ይላል። ስለ ስሜታቸው ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው፤ መጠየቅ ብቻ ቀርቷል። ከአሥራ አራታችን አምስቱ ሙስሊሞች ናቸው። ባለሱቋ ወይዘሮ ዘሀቢያ ጠብታ ሳይቀምሱ፣ በምሥራቅ በኩል ያሉትን ሁለት ረድፎች ፍሬ ጣራቸው ላይ አስጥተው ዘቢብ ያደርጋሉ። ዘቢቡ ለረመዳን ማፍጠሪያ ይዘፈዘፋል፤ የተረፈውን ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ለቅዳሴ ይወስዱታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ስንኖር ስሜቱ የተነካ ሰው አልሰማንም። አሁን ወይዘሮ ዘሀቢያ ስሜታቸው ተነክቷል። ይህንንም በቃለ ጉባኤ ያስይዙልን።

4ኛ. የማኅበራችን አንጋፋ አያ ባንተአምላክ ሠላሳ ዓመት ትራክተር ነድተዋል። ወይኖቹ በተነቀሉበት ጠዋት ቤታቸው ተቀምጠው ሞተሩን ሰምተው፣ ለባለቤታቸው «በአንደኛ ማርሽ ነው፤ አንድ ሥር የሰደደ ነገር እየጎተተ ነው» አሏቸው። ምን እንደሚጎትት አልጠረጠሩም። የነገርናቸው እኛ ነን።

5ኛ. ይህኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ተምሬ ስለመጣሁ፣ ዘንድሮ ጠበቅ አድርገን እንግረዝ ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። አያ ባንተአምላክ ትንሽ ቅጠል ይቅርላቸው ብለው ነበር፤ አልሰማኋቸውም። ከተነቀሉ በኋላ ቁጣ በሌለው ድምፅ «ልጄ፣ ቅጠል ቢኖራቸው ይተርፉ ነበር» አሉኝ። ሄጄ ቦታውን አየሁት። ኮሚቴዎ ቦታውን ለማቆሚያ የሰጣቸው ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል፤ ረድፋቸው ከእኛ ረድፍ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው። አላለቀስኩም። ቁጭ ብዬ መኪኖቹን ሳይ ቆየሁና ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ነገር አይሰማኝም። ሆኖም በትክክል የገረዘ ሰው ጥፋተኛ የሚሆነው ማየት የማይችል ሰው ሲፈርድበት ብቻ መሆኑን አውቄያለሁ። ዳግመኛም እንዲሁ እገርዛለሁ።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መሬቱ ይመለስልን። የሰሊጡ ጭነት በጥር ያልቃል፤ መኪኖቹም ይሄዳሉ። ያን ጊዜ መሬቱ በእውነት ጦሙን ያድራል። ኮሚቴዎ እንዲህ ላለው መሬት ምን ያህል እንደሚቆረቆር ስለምናውቅ በተስፋ እንጠብቃለን።

ሕያውን ከሙት በሩቅ መለየት ለሚችለው ዓይንዎ ካለኝ ጥልቅ አድናቆት ጋር፣ የዘወትር ጉዳይ አመላላሽዎ፣

ሮዳስ ደሞዝ
የቆላ ወይን ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ
ታኅሣሥ

የተረሳ፦ ጥቅምት ላይ የገረዝነውን ቅርንጫፍ ለማገዶም ለአጥርም ለጠየቀን ሁሉ አድለን ነበር። አንድ እስር ከመስኮትዎ ሥር ላለው የቲማቲም መደብ ድጋፍ ተብሎ ተወስዷል። የወሰዱት ሰው እንጨት ነው ብለው ነው፤ እኔም እንጨት ነው ብዬ ነው የሰጠሁት፤ ቃለ ጉባኤዎም እንጨት ይለዋል፤ ስለዚህ ማንም ሊጠየቅ አይገባም። ባለፈው ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ እዚያው መስኮት ሥር ሦስት ሰዓት ስጠብቅ፣ ከእንጨቶቹ አሥራ አንዱ ቅጠል አውጥተው አየሁ። ሊያስነቅሏቸው ካሰቡ ትራክተር አያስፈልግም፤ ገና በሁለት ጣት ይወጣሉ። ከተዉአቸው ግን በሚመጣው ጥቅምት መቀሴን ይዤ መጥቼ እገርዛቸዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን በመስኮት ሲያዩአቸው አይደንግጡ። ወጣ ብለው በጥፍርዎ ላጥ ያድርጓቸው።